ያልመጣው ሐይቅ

ባለፈው ሰኔ ለቤት ካርታ ጉዳይ ጎባ ሄጄ አንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጀርባ ሳንቃ ላይ የተሠራ ሐይቅ አየሁ። የእጄ ሥራ ነው። የዳሩ ሣር ረግፏል፣ ሰማያዊው ቀለም ተሰነጣጥቋል። ሰማያዊውን ግን እኔ አልቀባሁትም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሮቤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። አንድ የግድብ ፕሮጀክት ሥዕል የሚችል ልጅ ይፈልጋል ተባለና ተጠራሁ። ከጎሮ መንገድ በታች ያለው ወንዝ ተገድቦ ሐይቅ ሊሆን ነው፤ ገበሬው በስብሰባ ላይ እንዲያየው ሞዴል ይሠራለት ተባለ። ኃላፊው ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦም የባሌ ብርድ ያላስቀመጠው የሩቅ አገር ሰው ነበር። "እውነተኛ ውሃ ይምሰል" አለኝ፤ ሌላ ትእዛዝ አልሰጠኝም።

ከዚያው ወንዝ ዳር ጥቁር አፈር ዘግኜ በወንፊት ነፋሁና፣ በጆንያና በጄሶ ባነሣሁት ኮረብታ ላይ በኮላ አጣበቅሁት። ሣሩ አረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ ነው። ውሃው ግን አስቸገረኝ። ቫርኒሽ ዝም ብለው ሲያፈሱት የተደፋ ዘይት ይመስላል እንጂ ጥልቀት የለውም። ብዙ ካበላሸሁ በኋላ የገባኝ፣ ውሃ የሚሠራው ከሥሩ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ወለሉ ይሠራል፣ ከዚያ ቫርኒሹ ስስ ስስ እየተደረገ ይደራረባል። የሮቤ ክረምት ደግሞ ቫርኒሽ ቶሎ አያደርቅም፤ ከሰል አንድጄ እፍ ስል የምውልበት ቀን ነበር።

ወለሉን ከማውቀው ቦታ ወሰድሁ። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ለእኛ ቤት ወተት የሚያመጡ አዮ ዘይነባ የሚባሉ እናት ይኖሩ ነበር፤ በልጅነቴ ትምህርት ሲዘጋ እሳቸው ዘንድ እየከረምሁ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ስበላ አድጌአለሁ። አጥራቸውን፣ የጥጆቹን በረት፣ ከደጃቸው ያለውን ኮሶ፣ ወደ ወንዝ የሚወርደውን መንገድ ሠርቼ ቫርኒሹን አለበስሁት። ከላይ ለሚያይ ሰው ድንግዝግዝ ብሎ ከታች ይታያል። እንዴት ኮርቼበት ነበር። ውሃው እዚያ እንደሚደርስ ከፕላኑ አይቻለሁ፤ ለባለቤቶቹም የተነገራቸው መስሎኛል።

አልተነገራቸውም ኖሯል። በስብሰባው ቀን የሚወራው ሁሉ ስለ መስኖና ስለ ዓሣ ነው። አዮ ዘይነባ ነጠላቸውን ሰብስበው ሞዴሉ ላይ ጎንበስ አሉና ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን ውሃው ላይ አሳረፉ።

"ይቺ መነ ኮ ናት፤ ቤቴ ናት" አሉ። "ኮሶውም ይኸው። ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ቤቴ ውሃ ውስጥ ምን ትሠራለች?"

የሚያዩት እኔን ነበር። ኃላፊው ሳቅ ብሎ ጌጥ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ግን እየተነሡ የየራሳቸውን ደጅ ከውሃው ሥር ይፈልጉ ጀመር፤ ስብሰባውም በዚያው ተበተነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው ግን አድሮ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ኃላፊው በማግስቱ የዘይት ቀለም አስመጥቶ ሐይቄን በሌላ ሰው አስደፈነው፤ እኔንም አሰናበተኝ።

ሰዎቹ ከመነሣት አልዳኑም። ቤቶቹ ፈረሱ፣ አዮ ዘይነባም ጎሮ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ከዚያ በኋላ በጀት የለም ተባለ፤ ኃላፊው ወደ አገሩ ሄደ፤ ግድቡ አንድ ድንጋይ ሳይጣልበት ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በገበያ ቀን ጎሮ ስደርስ እጠይቃቸው ነበር። ሰላምታችን ሳያልቅ "ሐይቁ ሞላ?" ይሉኛል። አልሞላም እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ፌስታሌን ተቀብለው አጠገባቸው አስቀመጡና "ውሃው ካልመጣ እኔ ለማን ነው የለቀቅሁት?" አሉኝ። አላህ ይርሐማቸው፣ እዚያው ጎሮ አረፉ።

ኮሪደሩ ላይ ቀለሙን በጥፍሬ ብነካው ተላጠ። ከሥሩ ቫርኒሹ ቢጫ ሆኗል፤ ኮሶው ግን ይታያል፣ አጥሩም ይታያል። ጸሐፊዋ አይታኝ ኖሮ "የሚጣል ነው ጋሼ፣ ከፈለጉ ይውሰዱት" አለችኝ።

ወስጄ ለማን ላሳየው? በዚያ ሸለቆ ዛሬ የሌላ ሰው ስንዴ ነው የሚታጨደው። ሐይቁም፣ የአዮ ዘይነባም ቤት፣ በመላው ባሌ ያሉት እዚያ ሳንቃ ላይ ብቻ ነው።