መነጽሯን ስታወልቅ አክስቴ ናት

አክስቴን የስፌት ቤቱ ሰው ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል። ከምሳ በኋላ ሴቶቹ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበን ቁልፍ ስንተክል፣ ጫፍ ስንዘመዝም፣ እሷ ልብ ወለድ ታነብልናለች። የሷን ድርሻ ቁልፍ እኛ እንካፈላለን፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ድምጿ ሥራ ያስረሳል። አክስቴ ስለሆነች አይደለም የምለው። እሺ፣ በጥቂቱ አክስቴ ስለሆነችም ነው።

የምትወደው ደራሲ ግን ከሷ ጋር ሆድና ጀርባ ነው። ሴት ልጅ ከቤት መውጣት የለባትም ባይ ነው፤ በየምዕራፉ ካልመከረ አይሆንለትም። ስለዚህ ደንብ አለን፤ መነጽሯ ዓይኗ ላይ ካለ የሚናገረው ሰውየው ነው፤ ካወለቀችው አክስቴ ናት። አንዱን ገጽ በፍቅር ታነብና መነጽሯን አውልቃ «እዚህ ላይ ዘባርቋል!» ትላለች። ከዚያ አጥልቃ ትቀጥላለች።

አዲስ ዘምዛሚ ስትቀጠር ይህን ደንብ የነገራት አልነበረም። እሷም አንገቷን ስፌቷ ላይ ደፍታ ጆሮዋን ብቻ ነበር የሰጠችን። አንድ ቀን የመጽሐፉ ሴት ባሏ ፈትቷት ልጆቿን ፍለጋ ስትወጣ፣ ሰውየው እንደ ልማዱ ታሪኩን አቁሞ ምክር ጀመረ። አክስቴም አሳምራ አነበበችው፦ «ባሏ የፈታት ሴት ክዳኑ የጠፋ ድስት ናት፤ አቧራ አያጣትም።»

ዘምዛሚዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ተነሣች። እንባዋ ቀድሟታል።

«እትዬ፣ ባሌ እንደፈታኝ ማን ነገረዎት?»

አለቃችን በሩ ላይ ሆኖ ይሰማ ኖሯል። «ይሄማ በዛ። ወይ እንዲህ ያለውን እየዘለሉ ያንብቡ፣ ወይ ከዛሬ ጀምሮ ንባብ የሚባል የለም» አለ። የሁላችንም እጅ ቆመ። ያለዚያች ሰዓት እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀረን ቁልፍ ብቻ ነው።

አክስቴ መነጽሯን አወለቀች። «ነይ ቁጭ በይ፣ እህቴ። እኔም የተፈታሁ ነኝ፤ እዚህ ያለው ሁሉ ያውቃል። ያን ያለው ደራሲው ነው።» ወደ አለቃችን ዞረች። «አልዘልም። ከዘለልኩለት ለሴቶቹ ደግ ሰው ይመስላቸዋል። እሱም ይናገር፣ እኔም እመልስለታለሁ።»

«እንዲህ ከሆነ ታዲያ ለምን ያነቡታል?» አለች ዘምዛሚዋ እንደቆመች።

«ለዚች ለመጽሐፉ ሴትዮ ብዬ ነዋ! ሊንቃት ነበር የተነሣው፤ እጁ ግን እምቢ አለው። ከመጽሐፉ ውስጥ እንደሷ ነፍስ ያለው ሰው የለም። ከራሱ የምትበልጥ ሴት ጽፎ ሳያውቀው ቀረ።» ከዚያ የጠረጴዛውን መቀስ አነሣች። «አንገት ለደፋም እንዲሰማ፣ ከዛሬ ወዲያ እኔ ስናገር ጠረጴዛውን በዚህ እመታለሁ።»

አለቃችን ዘምዛሚዋን አየ። «እሷ ከተቀመጠች ይቀጥል» አለ።

ዘምዛሚዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ልጆቿን አገኘቻቸው?» ብላ ተቀመጠች።

አክስቴ መነጽሯን አጠለቀች። እንዲያ ስታነብ ሰምቻት አላውቅም፤ የሷ ዘመድ በመሆኔ ደረቴ ተነፋ። ሴቲቱ ልጆቿ ያሉበት ደጅ ደርሳ ልታንኳኳ ስትል፣ ሰውየው አላስችል ብሎት ምክሩን ጀመረ። አክስቴ እጇን ወደ መቀሱ ከመስደዷ በፊት ጠረጴዛው ኳ! አለ።

ዘምዛሚዋ ናት፣ በራሷ መቀስ። ቀና ብላ፣ «ዋሸ!» አለች።

አክስቴ ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አለችና «ሰማህ?» ብላ ገጹን ገለጠች።