ብር የሚያቃጥለው ኩባንያ

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ዘሃራ ማንጎ ይዛልኝ መጣች። ከጓደኞቿ ጋር የሞባይል ፕሮግራም የሚሠራ ኩባንያ አቋቁማለች። «ሥራ እንዴት ነው?» ስላት፣ «ለጊዜው ብር እያቃጠልን ነው፣ ጋሼ» ብላ ሳቀች። ሐሚድ ትዝ አለኝ።

ያኔ አሶሳ ሳለሁ ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ቢሮዎቹ የቀለም ሽታ አልለቀቃቸውም፤ ከነቀምቴ የሚመጣው አውቶቡስ ቀይ አቧራ ለብሶ ነበር አሶሳ የሚገባው። እኔ ቀን ቀን ሒሳብ እየሠራሁ በደብተሬ ጠርዝ ግጥም የምሞነጫጭር፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ወጣት ነበርኩ። ጥቂት የቢሮ ሠራተኞች በርቀት ሁለተኛ ዲግሪ እንድንማር ተመረጥን። ከትምህርቶቹ አንዱ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ፋይናንስ ነበር። በከተማችን የነበሩት ጥቂት ኮምፒውተሮች ጨርቅ ለብሰው ስለሚውሉ፣ ትምህርቱ ተረት ተረት ይመስለኝ ነበር። ስለዚህም ወደድኩት።

መምህር ሲመጣልን በምንሰበሰብበት ክፍል አጠገቤ የሚቀመጠው ሐሚድ የበርታ ልጅ ነው፤ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ቀደም ሲል አንድ ፈተና ወድቋል፤ የዚህን ትምህርት ፈተናም ከወደቀ ይሰናበታል። ፈተናው የቃል ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት መምህር ለእያንዳንዳችን አንድ ኩባንያ በወረቀት ይሰጡናል፤ እንደ ባለሀብት ሆነን ገንዘብ እንሰጠው እንደሆነ ቆመን እንናገራለን።

የሐሚድ ኩባንያ ሶፍትዌር ይሠራል። ገና ምንም ሳይሸጥ በየወሩ ካፒታሉን ይበላል። መምህሩ ይህን «ገንዘብ ማቃጠል» ይሉታል።

«እሰጣለሁ» አለ ሐሚድ። «በደንብ ያቃጥላል። ጥሩ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የባምባሲው ገመቹ፣ «ወንድሜ፣ አንተን ባንክ ከመቅጠሩ በፊት ኪስህን ይፈትሽ፤ ክብሪት አታጣም!» አለው።

መምህሩ አልሳቁም። «ምኑ ነው ጥሩ?»

«እኛ ጋ በበጋ ሣር ይቃጠላል። ከዚያ አዲስ ሣር ይመጣል። ካልተቃጠለ ፍየል ምን ይበላል?»

በመስኮቱ ከኮረብታው ላይ ጭስ ይታይ ነበር።

«ዝም ብላችሁ ነው የምታቃጥሉት?» አሉ መምህሩ።

«አይ! ዳር ዳሩ ይጠረጋል። ዝናብም መቼ እንደሚመጣ...» ሐሚድ ቆም አለ። ወረቀቱን በጣቱ ተከትሎ አነበበ። የኩባንያው ገንዘብ የሚያልቀው ምርቱ ለገበያ ሳይደርስ ነው። ፊቱ ተለወጠ።

«መምህር፣ ይሄ የኩባንያው ሰውዬ ቸኩሏል። ዝናብ ሩቅ ነው። ሁሉን አልሰጥም።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

«መጀመሪያ ትንሽ ያቃጥል። የበቀለውን አይቼ ሌላውን እሰጣለሁ።»

መምህሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ይህ ነው በየደረጃው ገንዘብ መስጠት የሚባለው። ተቀመጥ፤ አልፈሃል።»

ሐሚድ ተቀመጠ። ገመቹ ከኋላ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

እኔ «ማቃጠል» የሚለውን ቃል የወደድኩት ስላማረ ብቻ ነበር፤ እሳትንና ብርን በአንድ ስንኝ ላገናኝ ስታገል ነው የሰነበትኩት። ሐሚድ ግን ወስዶ የሚያውቀው መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ቃሉ መጀመሪያ አሳሳተው፣ ኋላ ያው ቃል ራሱ ከስሕተቱ አወጣው። ዛሬም እጽፋለሁ። ያማረ ቃል ሲመጣልኝ ይዤው ከቤት እወጣለሁ፤ ውጭ ባለው ነፋስና ደረቅ ሣር መሀል የሚቆም መሆኑን አያለሁ። ካልቆመ እሰርዘዋለሁ። ብዙ ሰርዣለሁ።