በግራው አፈሙዝ ውስጥ ያለው ጥላ

ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ሸጎሌን የሚውጥበት፣ የባሕር ዛፉ ግንድ እየታየ ጫፉ የሚጠፋበት ጊዜ። አጎቴ መኩሪያ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ እዚያ በግ ያደልብ ነበር። አንድ አንካሳ ጅብ በረቱን ለመደው። በግ ሲወስድ ችለን ነበር። ጎረቤታችንን ከኪዳን ስትመለስ ክንዷን ሲዘነጥላት ግን ሰፈሩ መከረ፣ ጅቡን ለመግደል ፈቃድም መጣ። የቀረው መሣሪያ ነው።

መሣሪያውን ያመጡት የጋሼ የክርስትና አባት፣ አባባ ተሰማ ናቸው። ባለ ሁለት አፈሙዝ አሮጌ ጠመንጃ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ። ሰደፉ በእጅ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ ብረቱ በሞራ ታሽቷል። ባዕድ ከሚገዛው አንተ ግዛው፣ መጀመሪያ ጅቡን ሞክርበት፣ በዋጋው አንጣላም አሉት።

እናንተ ልጆች ጠመንጃ በመልኩ የሚገዛ ይመስላችኋል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቆላ ወርዶ አዳኞች ሲመራ የኖረ ሰው ነው፤ የማውቀው እሱ ሲያደርግ ያየሁትን ነው። መጀመሪያ በአፈሙዙና በቃታው ቤት ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን ታያላችሁ። ከዚያ ዘግታችሁ ትነቀንቁታላችሁ፤ ከተንኳኳ መጋጠሚያው አልቋል። ከዚያ ከፍታችሁ፣ ሞራውን ጠርጋችሁ፣ ባዶውን አፈሙዝ ወደ ሰማይ አቅንታችሁ በውስጡ ታያላችሁ። ጤነኛ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ያበራል። ቀለበት የመሰለ ጥላ ካያችሁ ግን ብረቱ እዚያ ላይ አብጧል ማለት ነው። ያበጠ ብረት ይሳሳል፤ የሳሳ ብረት ሲተኮስ ይፈነዳል።

ቁጥሩ ገጠመ። አልተንኳኳም። አባባ ተሰማ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጣ ሲሉ በር ላይ ሆኜ ከፈትኩት። ቀኙ አበራ። ግራው ላይ፣ የያዡ ግራ መዳፍ ከሚያርፍበት ቦታ፣ ጥላው አለ።

ለጋሼ በጆሮው ነገርኩት፤ ቢያንስ የቀጨኔው ብረት ሠሪ ይየው አልኩ። ፊቱ ተለወጠ።

«ከጥምቀት ውሃ የተቀበሉኝን አባት መሣሪያቸውን ላስመርምር? አታዋርጂኝ።»

በማግስቱ ማለዳ ወጣን። ቀኙን ብቻ አጉርስ ብዬ ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። ለካ ፊቴን ሳዞር ሁለቱንም አጉርሷል።

ዱካው ጭቃው ላይ ጉልህ ነበር፦ የፊቱ እግር ሰፊ፣ የኋላው ጠበብ ያለ፣ አንዱ እየተጎተተ መሬቱን አስምሯል። የዛፍ ቅርፊት ላይ የበግ ጠጉር ተንጠልጥሏል። ወፍ እንኳ አይሰማም። ድንጋይ የሚወጣበት ጉድጓድ ጋ ስንደርስ ዱካው ውስጥ ያቆረው ውሃ ገና አልጠራም፤ እንደደፈረሰ ነው።

«ጋሼ፣ እዚሁ ነው» አልኩ።

ከፊት ስንጠብቀው ከጎን ወጣ። ጋሼ ዞሮ ቀኙን ተኮሰ፤ ትከሻውን መታው። ጅቡ ተንገዳግዶ ተነሣና መጣ። የጋሼ ጣት ወደ ሁለተኛው ቃታ ስትሄድ አየሁ። «ግራውን ተው» ብዬ ጮኽኩ። ጅብ እየመጣበት ማን ይሰማል?

ድምፁ የተኩስ አልነበረም፤ ባዶ በርሜል በመዶሻ የመቱት ይመስል ነበር። ጅቡ ጭሱን ሰንጥቆ፣ እርጥብ ጠጉሩ ቀሚሴን አብሶ፣ ጉሙ ውስጥ ገባ። ጋሼ ቆሞ ግራ እጁን ያያል። ሁለት ጣቶቹ የሉም። በነጠላዬ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት፤ ደግፌው እስከ አስፋልቱ ወረድን። ጅቡ በኋላ ገደል ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ዛሬ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እኔ ጋ ያመጣዋል። ሻጩ ባዕድ ከሆነ አንዴ አያለሁ። ዘመድ ከሆነ ሁለቴ፣ እሱ ፊት። ይቀየመኝ። ነሐሴ ላይ ጉም በሩ ድረስ ሲመጣ ግን አሁንም ቀሚሴን ሰብሰብ አደርጋለሁ።

ጋሼ ከሆስፒታል እንደወጣ አባባ ተሰማ ቤት ሄዶ የጠሩትን ዋጋ ሳይከራከር ከፈለ። እጅህን ምን አገኘህ ሲሉት ጅቡ ነው አላቸው። ከዚያ ጠመንጃውን ቀጨኔ ወስዶ ለሁለት አስቆረጠው፤ መጋዙ እስኪጨርስ አጠገቡ ቆመ።