የሰብሳቢው ወላጅ አልባዎች

ጋሽ አሜን ሰው ያወጣለት ስም ነው፤ ሌላው ጸልዮ ሳይጨርስ «አሜን» ስለሚል። ሚስማርና ቀለም ቸርቻሪ ነው፤ ሚዛኑን አምኖ የሚገዛው የለም። በቤተ ክርስቲያናችን ግን የመጋቢዎች ማሠልጠኛ ፈንድ ሰብሳቢ ሆኖ ፀጉሩን አሽብቷል።

ፈንዱን የጀመሩት ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴትዮ ነበሩ። የቤት ኪራያቸውን ሰጥተው፣ ጥሪ ያለው የደሃ ልጅ ነገረ መለኮት ይማርበት አሉ። የሚጠይቁትም ቀላል ነበር፤ ልጁ የታመመ ይጠይቃል ወይ? እሳቸው ሲያርፉ ጋሽ አሜን ወንበሩን ወረሰና ጥያቄውን ለወጠው። ለጋሽ ኪሱን የሚፈታው ሲያለቅስ እንደሆነ ደርሶበታል። ስለዚህ በየዓመቱ ተራ የደረሰው ተማሪ በምስጋና ቀን መድረክ ላይ ቆሞ መከራውን መተረክ አለበት። መከራው ካነሰ ጋሽ አሜን ከራሱ ይጨምርለታል። ይህ ነጋዴ በሕይወቱ ምርቃት የሰጠው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ የአናጢ ልጅ ነው፤ በሕይወት ያለ አባቱን ገደለበት። ልጁ መጀመሪያ አልዋሽም ብሎ ነበር።

«ታዲያ ከአባትህ ጋር ቤትህ ተቀመጣ» አለው ጋሽ አሜን።

ልጁ የቀረው የመጨረሻው ዓመት ነበር። የወደፊቱ መጋቢ ነገሩን ዋጥ አደረገው። እኔ እንደዚህ ዓይነቱን እረኛ አንዲት በግ አላስጠብቀውም።

በምስጋናው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልጁ በጨቅላነቱ ስለሞተበት አባቱ ሲያወራ ሴቶቹ መሐረባቸውን አወጡ። አናጢው ማንም ሳይጠራው፣ የልጁን ምስክርነት ልስማ ብሎ ከሥራው በቀጥታ መጥቶ ከኋላ ቆሟል። ልጁ አየውና ድምፁ ተቆራረጠ። ለጋሾቹ ይህን ሐዘን መስሏቸው የባሰ አለቀሱ።

ሻይ ሲቀርብ የልጁን ክፍያ የሚሸፍኑት እመቤት አቅፈው ሳሙት። አናጢው ቀረብ አለ፤ መጋዝ ያነሳው ብናኝ ከትከሻው አልተራገፈም። ጋሽ አሜን ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። እመቤቲቱ የአናጢውን ዓይን አዩና አዘኑለት።

«ወንድሜ፣ አባቱን ታውቀው ነበር እንዴ?»

አናጢው ልጁን አየ። ልጁ ጫማውን ያያል።

«አውቀዋለሁ እንጂ እመቤቴ። ልጁ ይማርልኝ ብሎ ነው የሞተው። አሁንም…»

ሳይጨርስ ጋሽ አሜን «አሜን» አለ።