ውሃ የጠጡት ሽብልቆች

ትናንት ሰቆጣ ገበያ ዳር አንድ አናጺ በእንጨት መዶሻ ሽብልቅ ሲመታ ሰማሁ። እንጨት በእንጨት ነው፤ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ደረት ድረስ ይሰማል። የሄድኩበትን ጉዳይ ትቼ ቆምኩ። ወንድሜ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። እንዴት ልበልህ... የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ አመለጠኝ። አናጺው በእሱ የሳቅሁ መስሎት ገላመጠኝ።

አባታችን ትቶልን የሄደው አምስት የግራር ሽብልቅና አንድ መዶሻ ነበር። ሽብልቅ ስልህ፣ በአንድ ወገን የሾለ፣ የክንድ እኩሌታ የሚያህል እንጨት ነው። ግንዱን በምሳር ትሰነጥቀዋለህ፣ ሽብልቁን ትሰካለህ፣ ከዚያ ውሃ ታጠጣዋለህ። እንጨቱ ጠጥቶ ሲያብጥ ግንዱን ይፈለቅቀዋል። አባታችን እንዲህ ነበር የሚፈልጠው። ልጆች ሳለን ስለሞተ ግን እኛ ነገሩን በወሬ ነው የምናውቀው።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። የሚካኤል ዝክር አራት ቀን ሲቀረው፣ ደጃችን የወደቀውን የወይራ ግንድ ለዝክሩ ማገዶ በአባቴ ሽብልቅ ካልፈለጥኩ ብሎ ማለ።

«ጎረቤት በመጥረቢያ ይፍለጠው» አለች እናታችን።

«እኔ እያለሁ?»

«እንግዲያው ለዝክሩ ካልደረሰ ሽብልቆቹን ራሳቸውን ነው የምማግዳቸው!»

እናታችን ያለችውን ታደርጋለች። ወንድሜ ደነገጠ። ከእነሱና ከመዶሻው በቀር ከአባቱ እጅ የቀረው ነገር አልነበረም።

ከመቸኮሉ የተነሳ ሽብልቆቹን አስቀድሞ ውሃ አጠጣቸው። እናታችን ለጠላ ባጠበችው ጋን ውስጥ ዘፍዝፎ አሳደራቸው። በማግስቱ አብጠው ስንጥቁ አልበቃቸው አለ። በመዶሻ በግድ አስገባቸው። ፀሐይ ሲመታቸው ደረቁና ኮሰመኑ፤ ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ከግንዱ ላይ ይወድቁ ጀመር።

«አብጠው ከገቡማ ምን ሊያብጡ ቀራቸው?» አልኩት።

«አንተ ዝም በል! ትምህርት ቤት ግንድ ፈልጣችሁ ታውቃላችሁ?»

የነፍስ አባታችን በደጃችን ሲያልፉ አዩንና ቆሙ። አንዱን ሽብልቅ አንስተው ጨመቅ አደረጉት።

«ልጄ፣ አባትህ በደረቁ ነበር የሚሰካው። አንተ አጥግበህ ነው ወደ ሥራ የላክሃቸው።»

ከምድጃው በላይ ሰቅለን ለማድረቅ ሁለት ቀን ፈጀብን። የዝክሩ ዋዜማ ሰካቸው። እኔ እየቀዳሁ እሱ ያጠጣል። ግንዱ ዝም። በነጋታው ጠዋት እናታችን እንጨት ከጎረቤት ለምና አነደደች። ከዚያ ወደ ሽብልቆቹ መጣች። አንዱን ሳበችው፤ አልነቃነቅ አላት። ሌላውንም ሳበች።

«ቆይ፣ እንግዶቹ ይሂዱ! ከነግንዱ ነው የማነዳችሁ» አለቻቸው፤ ሽብልቆቹን ነው። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ሌላ ማሰሮ ውሃ አፈሰሰባቸው።

ከቀትር በኋላ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። የነፍስ አባታችን ዳቦውን ሊባርኩ ተነሡ። እኔና ወንድሜ በር ላይ ጠላ እንቀዳለን። ድንገት ከደጅ «ጧ!» አለ።

በዚያ ጊዜ በእኛ አገር የተኩስ ድምፅ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ቤቱ ሙሉ ሰው ባንዴ መሬት ላይ ተኛ። አንዱ ጎረቤታችን በዋንጫው ያለውን ጠላ ሳያፈስ ነው የተኛው፤ እንዴት እንደቻለ እስካሁን አይገባኝም። የነፍስ አባታችን ዳቦውን እንደታቀፉ አልጋ ሥር ገቡ፤ ጥምጥማቸው ውጭ ቀረ።

«ማነው የተኮሰው?» አሉ ከአልጋው ሥር።

«ግንዱ ነው አባ! ግንዱ ነው!» ብሎ ወንድሜ ጮኸ።

እናታችን ወጥታ አየች። ግንዱ ከአናቱ እስከ እግሩ ለሁለት ተከፍሏል። ስትመለስ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ነበር።

«ሽብልቆቹን ወደ ቦታቸው መልሳቸው» አለችው ወንድሜን።

ያኔ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን መነሳት አልቻልኩም። ወንድሜ ከላዬ ላይ ነበር። በሁለት እጁ ጭንቅላቴን ሸፍኖታል፤ የጣለው ጠላ በአንገቴ ይወርዳል። አስበው፤ ያን ድምፅ ከሰው ሁሉ ተለይቶ ሲጠብቅ የሰነበተው እሱ ነው። ሲመጣ ግን እኔን መሬት ላይ ጥሎ ላዬ ላይ ወደቀ።

«ተነስ እንጂ፣ ከበድከኝ» አልኩት።

ወዲያው ተነሳ። ትንሽ ቢቆይ ምን ነበረበት።