የባዝራዋን ዱቄት የበላችው አጫራች

አፏ ጤፍ ይቆላል የሚባልላት ሴት ካለች እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ በከብት ጨረታ መድረክ ላይ ማይክ ጨብጬ ኮርማና ጊደር ስሸጥ ኖሬአለሁ። ገዢው ኮፍያውን በአንድ ጣት ነካ ሲያደርግ አያለሁ፣ ዋጋውን እጠራለሁ፣ የሚቀጥለውን እጠይቃለሁ፤ ይህን ሁሉ አንዴ ተንፍሼ። ባሌ ኦርቪል ገና ሳንጋባ እናቴን፣ "ቤት ውስጥም እንዲህ ነው የምታወራው?" ብሎ ጠይቋት ነበር። እናቴም "አይ፣ ቤት ውስጥ ትፈጥናለች" አለችው።

ታዲያ ባለፈው መከር ይሄ ምላስ ከዳኝ። መጀመሪያ ድምፄ ጎረነነ። ቀጥሎ ቁጥሮቹ ከአፌ አልወጣ አሉ፤ "አንድ ሺህ ሁለት መቶ" ብዬ ሳልጨርስ ኮርማው በሌላው በር ወጥቶ ሄዷል። ጸጉሬ ማበጠሪያ ሙሉ ይነቀላል፣ የቅንድቤ ጫፍ ጠፋ፣ ቀሚሴ አልዘጋ አለ፣ ሁልጊዜ ይበርደኛል፣ እራት ላይ ሹካ እንደያዝኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። እኔ ግን ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ጸጉሩ ዕድሜ ነው፣ ውፍረቱ የኦርቪል ድንች ነው፣ ብርዱ ደግሞ ሞንታና ነው። እዚህ አገር በረደኝ ብሎ ሐኪም ጋ የሚሄድ ሰው ቢገኝ፣ ሐኪሙም ካፖርቱን ለብሶ ነው የሚቀበለው።

በዚያ ላይ ሐኪም አልወድም። ጥጃ የምወጋው እኔ፣ የባዝራዬን የክሎቨርን ቁስል የማጥበው እኔ፤ ለራሴ ምን አቅቶኝ? ኦርቪል የፈረስ ኮቴ እየሞረደ ብረት የሚመታ ሰው ነው። የክሎቨር ኮቴ ቢሰነጣጠቅበት ከመኖዋ ጋር የሚደባለቅ አንድ ባልዲ የኮቴ ማጠንከሪያ ዱቄት ገዝቶ አመጣላት። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ኮቴዋ ጠነከረ፣ ጭራዋም መሬት ልጥረግ አለ። አንድ ጠዋት በአንድ እጄ የእሷን ጭራ፣ በሌላው የእኔን ጸጉር ይዤ በረቱ ውስጥ ቆምኩ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በፈረስ ቀናሁ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለእኔ ሆነ። የእኔን በተፈጨ ፖም ለውሼ እውጠዋለሁ፤ ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል። መጠኑ የተለካው አምስት መቶ ኪሎ ለምትመዝን ፍጡር መሆኑ ባልዲው ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ አላቃተኝም። "ቢበዛ ጸጉር ያበዛ እንደሆነ ነው" አልኩ። ሰው ሲጃጃል እንዲህ ነው እንግዲህ።

በጥር የጨረታው ቤት ባለቤት ሌላንድ ቢሮው ጠራኝ።

"ዶሪን፣ ትናንት አንዲት ጊደር ስትሸጪ ሁለት ጊዜ ቆመሽ አሰብሽ።"

"አስቤ አላውቅም ነበር ነው የምትለኝ?"

"ቀልዱን ተዪው። የመጋቢት የኮርማ ጨረታ ከአምስት ግዛት ሰው ነው የሚመጣበት። ድምፅሽ ካልተስተካከለ ማይኩን ከቢሊንግስ ከተማ ለሚመጣው ወጣት አጫራች ልሰጠው ነው። ኧረ እባክሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።"

እየሳቅሁ ወጣሁና ፒካፔ ውስጥ ገብቼ ተንሰቀሰቅሁ። ያ ጨረታ በዓመቱ ውስጥ ትልቁ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በእሱ ነው። ማይኩን ከነጠቁኝ የምቀረው ራሷ የተመለጠ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሆኜ ነው።

የመንደራችን ሐኪም ዶክተር ሶልበርግ ገና ወጣት ናት፤ የአባቷን ከብት የሸጥኩት እኔ ነኝ። አንገቴን ዳሰሰችና "ታይሮይድ ይመስለኛል" አለች፤ ጉሮሮ ላይ የተቀመጠች፣ የሰውነትን ፍጥነት የምትመራ ትንሽ ዕጢ ናት። ደም አስቀዳችኝ። "የሚወስዱት መድኃኒት፣ ቫይታሚን ነገር አለ?" ስትለኝ "ምንም" አልኳት። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ የጠየቀችኝ ስለ ሰው መድኃኒት ነዋ።

ውጤቱ ሲመጣ ኦርቪል አብሮኝ ሄደ፤ መሪ ላይ እንዳልተኛ ፈርቶ። ዶክተሯ ወረቀቱን እያገላበጠች ግንባሯን ታሻሽ ነበር።

"ግራ ገብቶኛል" አለች። "ይህ ቲ ኤስ ኤች የሚባለው አንጎል ለዕጢዋ የሚልከው ጩኸት ነው። ፈረሱ ሲለግም ነጂው ይጮኻል፣ ቁጥሩ ይወጣል። ፈረሱ ሲጋልብ ነጂው ዝም ይላል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። የእርስዎ ነጂ ጭራሽ ድምፁ የለም፤ ዕጢዋ የምታወጣው ሆርሞን ደግሞ ከልክ አልፏል። ወረቀቱን ካመንን ዕጢዎ እየጋለበች ነው።"

"እሷ?" አለ ኦርቪል። "ትናንት ከሾርባዋ ላይ ነው ያነሳኋት።"

"እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። ልብዎ በደቂቃ ሃምሳ ሁለት ነው የሚመታው። በዚህ ሞቃት ክፍል ካፖርትዎን አላወለቁም። ሌላ ደግሞ፣ ፀረ እንግዳ አካላት የምንላቸው ከፍ ብለዋል፤ የሰውነትዎ ዘበኞች የገዛ ዕጢዎን ጠላት ነው ብለው የሚመቷት ይመስላል። ወደ ስፔሻሊስት ልልክዎ ነው። ወረቀቱ እውነቱን ከሆነ ዕጢዋን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት ይሰጥዎታል፤ ወይም በጨረር ትጠፋለች።"

እኔ ቀርፋፋ ሆኜ ሞቻለሁ፣ ጭራሽ ሊያቀዘቅዙኝ!

"እስቲ እንደገና ልጠይቅዎ" አለች። "ለጸጉር፣ ለጥፍር ብለው የሚወስዱት ነገር የለም?"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ደግሞ መድኃኒቱን ደበቅሁ። "ምንም" አልኩ እንደገና፣ ጣሪያውን እያየሁ።

ኦርቪል በቀን ሃያ ቃል እንኳ የማያወጣ ሰው ነው። ኮፍያውን ጭኑ ላይ አንድ ጊዜ አዞረና፣ "ባልዲውን ንገሪያት" አለ።

"የምን ባልዲ?" አለች ዶክተሯ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

"የኮቴ ዱቄት" አለ። "ከገና በፊት ጀምሮ የባዝራዋን ትበላለች። መኪና ውስጥ አለ፣ ይዤው መጥቻለሁ።"

"አንተ ደግሞ በምን አወቅህ?" ብዬ ጮህኩበት።

"ባልዲው ውስጥ ማንኪያ አገኘሁ። ክሎቨር በማንኪያ አትበላም።"

ባልዲው መጣ። ዶክተሯ የፈረሱን ሥዕል አየች፣ ጽሑፉን አነበበች፣ ከዚያ ፊቷን በደም ምርመራዬ ወረቀት ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስቃ ሲወጣላት ዓይኗን ጠራርጋ፣ "ይህ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ነው" አለች። "አንዳንድ የላቦራቶሪ ማሽኖች የደሙን ቁጥር የሚያነቡት በዚሁ በባዮቲን ታግዘው ነው። ደም ውስጥ ሲበዛባቸው ይምታታባቸዋል፤ ከፍ ያለውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ አድርገው ያወጡታል። ስለዚህ ይህ ወረቀት ስለ እርስዎ ምንም አይነግረንም።"

"ስለ ክሎቨር ነው" አለ ኦርቪል። የሳምንቱን ቃል ያን ቀን ጨረሰው።

ዱቄቱን ትቼ ጥቂት ቀናት ቆየሁና እንደገና ደም ተቀዳሁ። ከአራትና ከአምስት ብዙ ማለፍ የሌለበት ቲ ኤስ ኤች ስልሳ ስምንት ሆኖ መጣ። ለካ ነጂው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ሲጮህ ኖሯል፣ ፈረሱ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ፀረ እንግዳ አካላቱ ግን አሁንም ከፍ እንዳሉ ነበሩ፤ ዘበኞቹ እውነትም ዕጢዬን ሲደበድቡ ከርመዋል። ሃሺሞቶ ይሉታል በሽታውን። በየማለዳው በባዶ ሆድ የጎደለውን ሆርሞን የምትተካ አንዲት ፍሬ እንክብል በውሃ፣ ምናልባት ዕድሜ ልክ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ደሙ እንደገና ይታያል።

"ድምፄስ?" አልኳት። ሌላው ሁሉ አላሳሰበኝም።

"ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ግን ወራት ነው የሚፈጀው እንጂ ቀናት አይደለም።"

ለኮርማው ጨረታ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር። በፈረስ ከመቅናት ይልቅ በመከር ሐኪም ጋ ሄጄ ቢሆን ኖሮ እደርስበት ነበር። በማንም ላመካኝ አልችልም፤ ራሴ ነኝ ጉዴን የሠራሁት። ሌላንድ ጋ ሄጄ "ማይኩን ለልጁ ስጠው" አልኩት፤ እንዳላለቅስ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ እያየሁ። የጨረታው ዕለት ተመልካች መሐል ተቀመጥኩ፣ ሳላስበው እጄን አንስቼ ኮርማ እንዳልገዛ ሁለቱንም እጆቼን ቂጤ ሥር አድርጌ። ልጁ ጎበዝ ነው። ይህን ስናገር እንኳ ያመኛል።

በሰኔ ቁጥሩ ወደ ዘጠኝ ወረደ። ዶክተሯ እንክብሉን ትንሽ ጨመር አደረገችልኝ። ቅንድቤ ብቅ ብቅ አለ፣ እራትም ሳልተኛ መጨረስ ጀመርኩ። ሌላንድ ደወለና "ረቡዕ ፍየሎች አሉኝ፣ ትሞክሪያለሽ?" አለኝ። ፍየል! ፍየል የሚሰጠው ለጀማሪ ነው። ቢሆንም "እሺ" አልኩ።

መጀመሪያ የገባችው አንድ ቀንዷ የተሰበረ፣ በረኛውን ልትወጋ የምታሳድድ አሮጊት ፍየል ናት። "ሃያ ዶላር ማን ይላል?" አልኩ። ድምፄ ሻከረ፣ ሰው አንገቱን ደፋ። አንድ እጅ ተነሳ። ሠላሳ አልኩ፣ ሌላ ተነሳ። አርባ፣ ሃምሳ፣ ሰባ፤ ከዚያ በኋላ ምላሴ ተፈታ። ወይ ጉዴ! ቁጥሮቹ እየተንጋጉ ወጡ፣ እኔም ፊት ሳላይ እጅ እጅ ብቻ እያየሁ ነጎድኩ።

ሁለት መቶ ስደርስ የሚነሱት እጆች ሁለት ብቻ መሆናቸው ታወቀኝ። ለዚያች ፍየል ሁለት መቶ ዶላር የሚከፍል እብድ ማን ነው? ቀና ብዬ አየሁ። በሩ ጋ ቆሞ እጁን የሚያነሳው ሌላንድ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ኮፍያውን የሚነካው ኦርቪል ነው፣ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ጨረታ ላይ እጁን አንስቶ የማያውቀው ኦርቪል። ሁለቱም ፍየሏን አያዩም፤ የሚያዩት እኔን ነው።

መዶሻውን መምታት ነበረብኝ። አልመታሁም። ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ ሁለት መቶ አሥር፣ ሁለት መቶ ሃያ እያልኩ አራት መቶ አደረስኳት።

ፍየሏን ወደ ፒካፑ ስንጎትታት "አንተ ሰውዬ፣ ፍየል እኮ ትጠላለህ!" አልኩት።

"እጠላለሁ" አለ ኦርቪል፣ ገመዱን እያሰረ። "እንዳታቆሚ ብዬ ነው።"