ከእስክንድርያ ባሕር ዳር

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ወንዝ ዳር ከልጄ ጋር ስንሸራሸር የተጠበሰ ዓሣ ሸተተኝ፤ አያቴን አስታወሰኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ከእናቴና ከአያቴ ጋር ካይሮ ሆነን የአሜሪካ ቪዛ ስንጠብቅ፣ አያቴ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ እስክንድርያ ይዘውኝ ሄዱ። ተሳልመን የተጠበሰ ዓሣ ወደሚሸትበት ባሕር ዳር ወረድን። ማዕበሉ ዳር ላይ ያለውን የጥንት ምሽግ ድንጋይ እየመታ ፊታችንን ያረጥበን ነበር።

«እማማ፣ አሜሪካ ከዚህ ባሕር ማዶ ነው?» አልኳቸው።

«እንጃ ልጄ። አንቺ ትሻገሪዋለሽ፤ እኔ የማርቆስን ደጅ መርገጤ ይበቃኛል» አሉኝ። ድምፃቸው ግን የበቃው ሰው ድምፅ አልነበረም።

ይህን ለልጄ ስነግራት በእንግሊዝኛ «ዲድ ሺ ካም?» አለችኝ።

«አልመጡም። ቪዛ የተሰጠን ለእኔና ለእናቴ ብቻ ነው።»

«ዋይ?»

ምክንያቱን እናቴም አታውቀውም፣ እኔም እስከ ዛሬ አላውቀውም።